የገበሬውን ድካም በሚዛን ያስቀመጡት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ግብርና የአገራችን ኢኮኖሚ መሠረት መሆኑ በየመድረኩ ሲነገር ኖሯል። ገበሬው ለገበያ የሚያቀርበው ምርት ምን ዋጋ ያወጣል፣ ከዚያ ዋጋስ ውስጥ ለራሱ የሚደርሰው ስንቱ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ዘወትር በቂ ምላሽ ያገኘ አይደለም። ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ አንስተው በጽሑፍ የተነተኑ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እኚህ ሰው የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ የነበሩትና በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ያረፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ገበሬ አልነበሩም፤ በእርሻ ሥራም አልተዳደሩም። ይሁንና የአገሪቱ የወጪና የገቢ ዕቃ በሚመዘንበትና ቀረጥ በሚከፈልበት በር ላይ ተቀምጠው የሠሩ የመንግሥት ሹም በመሆናቸው፣ ከሩቅ ገጠር በበቅሎ ተጭኖ የመጣው ቡናና ቆዳ በምን ዋጋ እንደሚወጣ፣ በምትኩም ምን እንደሚገባ የመመልከት ዕድል አግኝተዋል። ያዩትንም ጽፈው ትተውልናል።

ልጅነትና ስደት

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም በትግራይ አድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አገልግሎት ላይ የነበሩ ሲሆን፣ በ1881 ዓ.ም በመተማው ጦርነት ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት ዐውደ ውጊያ ሕይወታቸው ማለፉን ታሪካቸውን የጻፉ ምሁራን ያወሳሉ።

የልጅነት ዘመናቸው በአገሪቱ ታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ ከሚታወቀው የረሃብ ዘመን ጋር የተገጣጠመ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ባሉት ዓመታት በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጀ። የሚያርስ በሬ በመጥፋቱ መሬት ጦም አደረ፤ ድርቁና አንበጣው ሲታከልበትም እህል ከገበያ ጠፋ። ከብት ከሌለው ገበሬ ጀምሮ ግብር እስከሚጠብቀው ባለሥልጣን ድረስ ሁሉም የእርሻው መውደቅ ምን ማለት እንደሆነ በራሱ ላይ ያየበት ጊዜ ነበር። የሰሜኑ ክፍል ደግሞ በጦርነትም ጭምር ተደራራቢ ጉዳት ደርሶበታል።

ገብረ ሕይወት ገና በልጅነታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ምፅዋ ሄደው በወደቡ ከቆመ የጀርመን መርከብ ላይ ወጡ። መርከቡ ሲንቀሳቀስ ሳይወርዱ በመቅረታቸው ወደ አውሮፓ ተወሰዱ። የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ስለሰጣቸው በዚያው አድገው፣ ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው አወቁ። በበርሊን የሕክምና ትምህርት መከታተላቸውም በሕይወት ታሪካቸው ተጽፏል።

በዚህ አኳኋን ያደጉት ወጣት የፋብሪካ፣ የባቡር ሐዲድና የባንክ አሠራር በሰፊው የተዘረጋበትን ዓለም ከውስጡ ሆነው ተመለከቱ። የማርያ ትሬዛ ብር የሚታተምበት አገርም ያደጉበት ኦስትሪያ ነበር። ያ ብር በኢትዮጵያ ገበያዎች እህልና ከብት የሚሸጥበት፣ ግብርም የሚከፈልበት ዋና ገንዘብ መሆኑን ሲያስተውሉ፣ አንድ አገር የራሷን ምርት የምትለዋወጥበትን ገንዘብ ከባሕር ማዶ በግዢ የምታመጣበት ምክንያት ኋላ በጽሑፋቸው ውስጥ ቦታ ያገኘ ጉዳይ ሆነ።

ወደ አገር መመለስ

ገብረ ሕይወት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ይህ አገልግሎታቸው ግን ረዥም ዕድሜ አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ላይ በወደቁበት ወቅት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የተነሳው የሥልጣን ሽኩቻ እርሳቸውንም ስለነካ ከአገር ለመውጣት ተገደዱ። የተወሰነ ጊዜም በሱዳን ቆዩ።

በ1904 ዓ.ም ዐጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተሰኘው ጽሑፋቸው በአሥመራ በታተመው ብርሃን ይሁን በተባለ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። በዚያ ዘመን ስለ ነገሥታት የሚጻፈው ጽሑፍ በአመዛኙ ውዳሴ ሲሆን፣ የገብረ ሕይወት ጽሑፍ ግን ያለፈውን አስተዳደር በትችት መርምሮ ለአዲሱ መሪ ለልጅ ኢያሱ የማሻሻያ ሐሳቦችን በተራ ያቀረበ ነበር። የመንግሥት ሀብትና የንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በዓይነት መሰብሰቡ ቀርቶ መጠኑ ታውቆ በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሕግ ተጽፎ እንዲወጣ፣ ሠራዊቱ በደመወዝ እንዲተዳደር፣ የገንዘብና የጉምሩክ ሥርዓቱ እንዲስተካከል፣ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱና የሃይማኖት ነጻነት እንዲከበር ጠይቀዋል። ጃፓን ከአውሮፓ ዕውቀትን ቀስማ በአጭር ጊዜ ራሷን ማስከበሯ ለኢትዮጵያ አርአያ ሊሆን እንደሚገባም አመልክተዋል።

ከእነዚህ ሐሳቦች አብዛኞቹ በቀጥታ ገበሬውን የሚመለከቱ ነበሩ። ወታደሩ ደመወዝ ስላልነበረው በገባሩ ላይ ተመድቦ ከእርሱ እህል፣ ማር፣ ፍሪዳና ጉልበት እየወሰደ ይኖር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በክፉ ቀን ማብቂያ ላይ አሥራት እንዲሰበሰብና ጎተራ እንዲቋቋም ያዘዙት ወታደር በገበሬ ቤት እየገባ እንዳይሰፍር በማሰብ ነበር። ሆኖም አሥራቱ ሲጨመር የቀድሞው ሸክም በአብዛኛው ቦታ አልተነሳም። ምርቱን የጨመረ ገበሬ የሚወሰድበትም አብሮ የሚጨምር ከሆነ ለማምረት የሚተጋበት ምክንያት ያጣል። የግብሩ መጠን አስቀድሞ ይታወቅ የሚለው የገብረ ሕይወት አሳብ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ከታወቀው ግብር በላይ ያመረተው ሁሉ ለገበሬው ይቀራል።

በድሬዳዋ በር

ገብረ ሕይወት ወደ አገራቸው ተመልሰው የምድር ባቡር ተቆጣጣሪነትን ጨምሮ በልዩ ልዩ ኃላፊነቶች ላይ ከሠሩ በኋላ በነጋድራስነት ማዕረግ የድሬዳዋን ጉምሩክ እንዲመሩ ተሾሙ። ድሬዳዋ የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም የደረሰባትና በባቡሩ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ነበረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም በመሆኑ፣ ለ14 ዓመታት ያህል የአገሪቱ የውጭ ንግድ ዋና መተላለፊያ ድሬዳዋ ሆና ቆይታለች።

በዚህ በር የሚወጣው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ሲሆን፣ የሚገባው ደግሞ የጥጥ ጨርቅ፣ የብረት ዕቃ፣ የጦር መሣሪያ፣ መጠጥና ሌላም የፋብሪካ ውጤት ነበር። ባቡሩ የፈረንሳይ ኩባንያ ንብረት ነበር። ባንኩም በ1898 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ሲሆን፣ በእንግሊዞች ይመራ በነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የሚተዳደር ነበር። ትላልቆቹን የአስመጪና የላኪ ንግድ ቤቶችም በአመዛኙ የያዙት የውጭ ዜጎች ነበሩ። ስለዚህ ከሐረር ደጋ የወረደ አንድ ጆንያ ቡና ወደብ እስኪደርስ ድረስ በሚያልፍባቸው እጆች ሁሉ ላይ የተወሰነ ትርፍ እየተቆረጠበት ይሄዳል፤ የገበሬው ድርሻ ከሁሉ በኋላ የሚቀረው ነው።

መንግሥት በጉምሩክ በኩል ይህን ሁኔታ ለማስተካከል የነበረው ሥልጣን የተገደበ ነበር። በ1900 ዓ.ም ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና ክሎቡኮቭስኪ በመባል የሚታወቀው ውል በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በጥቅሉ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ሌሎች መንግሥታትም በዚሁ ተጠቃሚ ሆነዋል። በመሆኑም ኢትዮጵያ የአገር ውስጥ ሸማኔዋን ወይም አንጥረኛዋን ከፋብሪካ ዕቃ ለመከላከል ቀረጥ ከፍ ማድረግ አትችልም ነበር። ከገቢ ዕቃ ላይ ሊገኝ ያልቻለውም ገቢ ከሌላ መፈለጉ አይቀርም። የሚፈለገውም በአገር ውስጥ ከሚመላለሰው ዕቃና ከገበሬው ነበር።

በየአውራጃው ወሰን የነበሩት ኬላዎች የዚህ ምሳሌ ናቸው። ነጋዴው እህል ወይም ቡና ጭኖ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲያልፍ በየኬላው ይከፍላል። የሚከፍለውን ከኪሱ አያወጣም፤ ከገበሬው ሲገዛ ዋጋ ይቀንሳል፣ ለሸማቹ ሲሸጥ ዋጋ ይጨምራል። በዚያ ላይ የአጋሰሱ ጭነት ጥቂት፣ ጉዞውም የብዙ ቀን በመሆኑ እህል ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው አርቆ መውሰድ አዋጭ አልነበረም። በአንዱ ቦታ እህል በርክሶ ገዢ ሲያጣ፣ በሌላው ቦታ ሰው የሚራብበት ምክንያት ከዝናቡ ሌላ መንገዱና ኬላውም ነበር።

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ከዚህ ሥራቸው ጎን ለጎን መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተሰኘውን ዋና መጽሐፋቸውን አዘጋጁ። መጽሐፉ በአማርኛ ስለ ኢኮኖሚ ሳይንስ ከተጻፉት ሁሉ ፈር ቀዳጅ ሆኖ ይቆጠራል። በዘመኑ ለሀብት፣ ለሥራ ክፍፍል፣ ለካፒታልና ለመሰል ጽንሰ ሐሳቦች የተደላደለ የአማርኛ ቃል ባልነበረበት ወቅት፣ ጉዳዩን ማንኛውም ማንበብ የሚችል ሰው በሚረዳው ቋንቋ ለማስረዳት ችለዋል።

የመጽሐፉ መነሻ ሀብት የሚገኘው ከሥራ ነው የሚል ነው። የሰው ጉልበት በዕውቀትና በመሣሪያ ሲታገዝ በአጭር ጊዜ ብዙ ያመርታል፤ ያለ ዕውቀት ሲሠራ ግን ብዙ ደክሞ ጥቂት ያገኛል። መሬት ለም መሆኑ ብቻውን አንድን ሕዝብ ባለጸጋ አያደርገውም። ከዚህ ተነስተው በሁለት ሕዝቦች መካከል የሚደረገውን ንግድ ሲመረምሩ፣ የሚለዋወጡት ዕቃ መስሎ ቢታይም በእርግጥ የሚለዋወጡት በየዕቃው ውስጥ ያለውን ድካም ነው ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳሉ።

ይህን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የቡና ገበሬ ኮትኩቶ፣ ለቅሞና አድርቆ ያዘጋጀውን ምርት ገበያ ወስዶ በዋጋው ጥቂት ክንድ አቡጀዲ ገዝቶ ይመለሳል እንበል። የእርሱ ምርት የብዙ ሳምንታት ድካም አለበት። ጨርቁ ግን በፋብሪካ መኪና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በገበያው ላይ ሁለቱ እኩል ዋጋ አውጥተዋል፤ በድካም ሲመዘኑ ግን እኩል አይደሉም። ልዩነቱ በየዓመቱና በየገበሬው ሲደመር ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚፈስ ሀብት ይሆናል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የወጪና የገቢ ዕቃዎችን በሰንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳዩት ይህንኑ ነው። የአገሪቱ የወጪ ዕቃ ሁሉ ጥሬ ሀብት፣ የገቢው ዕቃ ደግሞ የዕውቀት ውጤት እስከሆነ ድረስ፣ በአድዋ ድል ነጻነቷን ያስከበረች አገር በንግድ በኩል የሌሎች ጥገኛ ሆና እንደምትቀር አስጠንቅቀዋል።

ከዚህ ችግር መውጫ አድርገው ያቀረቡት ከውጭው ዓለም ጋር መነገድን ማቆም አልነበረም። ዕውቀት እንዲስፋፋ፣ መንገድና የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ፣ የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ በጉምሩክ ሥርዓት ጥበቃ እንዲያገኝ፣ አገሪቱ የራሷ የሆነ የተስተካከለ ገንዘብ እንዲኖራት፣ ግብሩም ገበሬውን ከማምረት የማያግድ እንዲሆን ጽፈዋል። በጦርነትና በዘረፋ ላይ የተመሠረተ አስተዳደር አምራቹን እያደኸየ ራሱንም እንደሚያደኸይ አስረድተዋል።

በዘመናችን ያሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በዚህ ትንተና ላይ ትኩረት አድርገዋል። አርጀንቲናዊው ራውል ፕረቢሽና ሃንስ ሲንገር የግብርና ጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ዕቃ ዋጋ አንጻር እየወረደ እንደሚሄድ በየበኩላቸው ያቀረቡት አስተሳሰብ በዓለም ዙሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1950 ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የተቀራረበ ጥያቄ ከ30 ዓመት በፊት ቀድመው በአማርኛ አንስተው ነበር። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ በ1995 በለንደን በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሟል።

በእርግጥ ትንተናቸው ሁሉ ከነቀፌታ የጸዳ አይደለም። የዕቃን ዋጋ በድካም ብቻ መመዘን የፍላጎትን፣ የዕቃውን እጥረትና ጥራት ድርሻ ያሳንሳል። የለውጡንም ተስፋ በአመዛኙ የጣሉት በመሪው በጎ ፈቃድ ላይ ነበር። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ያ ተስፋ በአንድ ሰው ላይ የቆመ መሆኑ ምን ያህል ደካማ እንዳደረገው ታይቷል።

ሳይጠበቅ የመጣ ሞት

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት መጽሐፋቸው ታትሞ ለማየት አልታደሉም። በ1911 ዓ.ም ማብቂያ ላይ በ33 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ። በእጃቸው የነበረው ረቂቅም ባለቤቱን አጥቶ ቀረ። ተምረው የተመለሱ ሰዎች ጥቂት በነበሩበት ዘመን አንድ ሰው መሞቱ የጀመረው ሥራ ሁሉ አብሮት የሚቀበር ሊሆን ይችል ነበር።

ሆኖም ወዳጃቸው አቶ ጳውሎስ መናመኖ ረቂቁን ጠብቀው፣ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ድጋፍ በ1916 ዓ.ም በአዲስ አበባ እንዲታተም አደረጉ። ይህ ባይሆን ኖሮ ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የምናውቀው አንድ አጭር ጽሑፍና የሹመት ስማቸውን ብቻ በሆነ ነበር።

ሐሳቦቻቸው በሥራ ላይ ለመዋል ረዥም ጊዜ ወስደዋል። በ1923 ዓ.ም የአቢሲኒያ ባንክ በመንግሥት ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተባለ። በዚያው ጊዜ መንግሥት በመጠጥና በመሳሰሉት የገቢ ዕቃዎች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ለመጣል ሲነሳ፣ የውጭ መንግሥታት ወኪሎች የ1900ውን ውል እየጠቀሱ ተቃውመዋል። አሥራት በግብርና ሥራ ገቢ ግብር ተተክቶ የቀረው በ1960 ዓ.ም ነው። የጭሰኛው ሥርዓትም በየካቲት 1967 ዓ.ም በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አበቃ። ከ1904ቱ ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ 63 ዓመታት አልፈዋል።

ትምህርቱ ለማን ነው?

ያነሷቸው ጥያቄዎች በቅርብ ዘመንም ደጋግመው ተመልሰዋል። በ1994 ዓ.ም በጥሩ ምርት ምክንያት የበቆሎ ዋጋ በእጅጉ በመውደቁ፣ ለማዳበሪያ የተበደረው ገበሬ ዕዳውን የሚከፍልበት አጥቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ድርቅ ተከስቶ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። ምርት ሲትረፈረፍ የሚያከማች መጋዘን፣ ትርፉንም እጥረት ወዳለበት የሚያደርስ ገበያ ካልተደራጀ የምርት መጨመር ብቻውን የገበሬውን ኑሮ እንደማይለውጥ ያ ወቅት በግልጽ አሳይቷል።

በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ የጀመረው፣ ከዚያም በፊት መንግሥት የይርጋጨፌ፣ የሐረርና የሲዳሞ ቡናዎችን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተንቀሳቅሶ በ1999 ዓ.ም ከታላቁ የአሜሪካ ቡና ነጋዴ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የደረሰው፣ የገበሬው ድካም በገበያው ላይ ተገቢውን ዋጋ እንዲያገኝ ከሚደረጉ ጥረቶች የሚቆጠሩ ናቸው። ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ውስጥ ለአምራቹ የሚደርሰው ስንት ነው የሚለው የዚያን ጊዜው ክርክርም ነጋድራሱ በድሬዳዋ በር ላይ ሆነው ካሰቡት ብዙ የራቀ አልነበረም።

የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሕይወት ለመንግሥት ሠራተኛው የሚያስተላልፈው መልእክት አለው። በጠረጴዛቸው ላይ የሚያልፈው ወረቀት የቀረጥ ሒሳብ ነበር። ሒሳቡን ዘግተው መሄድ ሲችሉ፣ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው ፈልገው ጠየቁ። በዛሬው ጊዜም በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት የእህል ዋጋ የሚመዘግብ ባለሙያ፣ በየጉምሩክ ጣቢያው የወጪ ዕቃ የሚመዝን ሠራተኛ፣ የግብር ተመን የሚያወጣ ኃላፊ የሚይዘው ቁጥር የአንድ ቤተሰብ የዓመት ድካም የተጠቃለለበት ነው። ቁጥሩ በትክክል እንዲመዘገብ፣ ተመዝግቦም እንዲመረመርና ለውሳኔ እንዲውል ማድረግ ነጋድራሱ ጀምረውት ያለፉትን ሥራ መቀጠል ይሆናል።